ክርክር፦ ለጣርማ በር ቁልቁለት የቸርኬ ፍሬን ይበቃል ወይስ ዲስክ ግዴታ ይሁን?

አወያይ፦
የቀረበው ሐሳብ ይሄ ነው። በሰሜን ሸዋ ለኪራይና ለዕቃ ማመላለሻ የሚውል ሳይክል ሁሉ ዲስክ ፍሬን (ከጎማው መሃል የታሰረ ክብ ብረት ቆንጥጦ የሚያቆም) ይኑረው፤ ቸርኬውን (ጎማው የሚቀመጥበትን ክብ ብረት) ግራና ቀኝ በላስቲክ ቆንጥጦ የሚያቆመው ፍሬን ይቅር። ሐሳቡን ያመጡት አባላት ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደውን የጣርማ በር ቁልቁለት ጠቅሰዋል። የምትደግፉም የምትቃወሙም በቁጥርና በዕቃ ተናገሩ፤ "እኔ አንድ ቀን ስነዳ" የሚለው ይቆየን።

ቁልቁለት፦
እደግፋለሁ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። ሰውና ሳይክል ተደምረው 80 ኪሎ ቢሆኑ 1,700 ሜትር ሲወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት 1.3 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። 4 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ 100 እስኪደርስ የሚፈልገው ሙቀት ማለት ነው። ነፋሱ ያልወሰደውን ፍሬኑ ይበላዋል። በቸርኬ ፍሬን ሙቀቱ የሚያርፈው ከመነዳሪው (የውስጥ ጎማው) የተቀመጠበት ብረት ላይ ነው። የጎማው ግፊት ይጨምራል፤ ከመነዳሪው የተለጠፈ ከሆነ ማጣበቂያው ይለሰልስና ልጣፉ ይሸሻል። መታጠፊያው ላይ ደግሞ አይሱዙ አለ። በዲስክ ግን ሙቀቱ ሞዞው (የጎማው እምብርት) አጠገብ ነው የሚቀረው፣ ጎማውን አይነካም።

ብሩጎላ፦
ሂሳብህ ልክ ነው፣ ግን ነፋሱን በአንድ ቃል አለፍከው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲወርዱ ነፋሱ የሚገፋው በ15 ከሚገፋው 7 እጥፍ ነው። ቸርኬ የሚያቃጥለው ፍሬኑን ጨብጦ፣ ሳይለቁ፣ በ15 እየተንፏቀቁ መውረድ ነው። ቀጥ ባለው መንገድ ለቀቅ፣ መታጠፊያው ሳይደርስ በሁለቱም ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ እንደገና መልቀቅ። በመልቀቂያው ጊዜ ቸርኬው ይበርዳል።

"አይይዝም" የተባለ ፍሬን ደግሞ ከመወገዙ በፊት ይፈተሽ። ከሽቦው ጀምሩ። የፍሬን ሽቦ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሽፋኑ 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ውስጡ እንደ ሞላ የተጠመጠመ ብረት አለው። የማርሽ ሽፋን 4 ሚሊ ሜትር ነው፣ ውስጡ ቀጥ ቀጥ ያሉ ሽቦዎች ናቸው። እሱን ለፍሬን መጠቀም አደጋ ነው፤ በኃይል ሲጨበጥ ሽቦዎቹ ተበታትነው ይፈነዳል። አዲሱን ሽፋን ስትቆርጡ ጫፉ ይጨፈለቃል። በሞረድ አስተካክሉት፣ ቀዳዳውን በሚስማር ክፈቱት፣ ቆቡን አልብሱት። ይሄ ካልተደረገ እጀታውን ስትጨብጡ ሽፋኑ ሲታጠፍና ሲጨማደድ በዓይን ይታያል፤ የእጃችሁ ጉልበት ላስቲኩ ጋ ሳይደርስ እዚያው ያልቃል።

ከዚያ ላስቲኩ። በጥፍር ተጫኑት። ጠንክሮ የሚያብለጨልጭ ከሆነ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፊቱን ፋቁት፣ የተሰካውን የአልሙኒየም ፍንጣሪ በመርፌ አውጡ። መስመሮቹ ጠፍተው ከሆነ መፋቅ አያድነውም፣ ይቀየር። ቸርኬውን በአልኮል፣ ካልተገኘም በኦሞ አጥባችሁ በደንብ አለቅልቁት። በላምባ የሚጠርግ ሰው አይጠፋም፤ ላምባ ቅባት ይተዋል፣ ፍሬኑን ራሱ ነው የገደለው።

አቀማመጡ፦ የላስቲኩን ቡሎን በ5 ቁጥር ብሩጎላ (ባለስድስት ጎን መፍቻ) አላሉት። ላስቲኩ ሙሉ ለሙሉ ቸርኬው ላይ ይረፍ፣ ከጠርዙ 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ። ከፍ ካለ ጎማውን ይበላል፣ ዝቅ ካለ ወደ ጎማው ሽቦዎች ይንሸራተታል። በኋለኛው ጫፉ ስር የታጠፈ ወረቀት አስገቡ፣ እጀታውን ጨብጡ፣ አጥብቁ፣ ወረቀቱን አውጡ። የፊት ጫፉ ቀድሞ ስለሚነካ ጩኸቱ ይጠፋል። ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ አታዘንብሉት፣ መያዣ ፊቱ ይቀንሳል። ሲለቀቅ በየጎኑ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። ቸርኬው ጠማማ ከሆነ መጀመሪያ የጎማውን ሽቦዎች እያጠበቁና እያላሉ ማቃናት ነው፤ ያለዚያ ይሄን ክፍተት አታገኙትም።

ሞረድ፦
ወንድም ብሩጎላ፣ ትልቁን ዘለልከው። ቪ ፍሬን የሚባለው፣ ረጃጅም ክንዶች ያሉት፣ ከድሮው አጭር ክንድ ሁለት እጥፍ ገደማ ሽቦ መሳብ ይፈልጋል። ስለዚህ እጀታውም የራሱ ነው። ከእጀታው ማዞሪያ ፒን እስከ ሽቦው ራስ ለኩ፦ 3 ሳንቲ ሜትር ወይም በላይ ከሆነ የቪ ነው፤ 2 ገደማ ከሆነ የድሮው ነው። የድሮው እጀታ ቪ ላይ ሲገጠም መጀመሪያ ልስልስ፣ ኃይለኛ ይመስላል። ላስቲኩ ትንሽ ሲበላ ግን እጀታው ሳይዝ መሪውን ይነካል። የቪ እጀታ የድሮ ፍሬን ላይ ሲሆን ደግሞ ድንጋይ የመጨበጥ ያህል ነው፣ ሳይክሉም አይቆምም። ገበያ ላይ የተገኘውን መግጠም ስለተለመደ ነው ይሄ ሁሉ።

በአንድ ቡሎን ላይ የሚዞረው ቀጭን የጎን ፍሬን ክንዱ ራሱ ይተጣጠፋል። ሁለት ማዞሪያ ባለው ይተካ። ሲገዛ ከቡሎኑ ቀዳዳ እስከ ቸርኬው የጎን ግድግዳ መሃል ይለካ፤ ከ39 እስከ 49 ወይም ከ47 እስከ 57 ሚሊ ሜትር የሚሉ መጠኖች አሉ፣ ልኩ ካልሆነ ላስቲኩ ቸርኬው ላይ አይደርስም።

የአንኮበር ጭጋግ፦
ስለ ደረቅ መንገድ ብቻ ነው የምታወሩት። ክረምት ነው፣ ጭጋግ ነው፣ መረሬው ጭቃ ቸርኬው ላይ ተለጥፏል። ክሮም የተቀባ የብረት ቸርኬ ሲረጥብ ላስቲኩ እንደ ሳሙና ነው የሚንሸራተተው፤ ውሃው እስኪጠረግ ጎማው ደጋግሞ ይዞራል፣ በዚያ ጊዜ ሳይክሉ ሄዷል። ለዚህ ብሩጎላውም ሞረዱም መድኃኒት የላቸውም። ጭቃው ደግሞ አሸዋ ይዞ ቸርኬውን ይሞርዳል። እደግፋለሁ፣ ዲስክ ይሁን።

ብሩጎላ፦
የብረት ቸርኬ ላይ አልከራከርህም። ማግኔት አስጠጉ፤ ከያዘ ብረት ነው፣ ለቁልቁለት አይውጣ። ግን መልሱ የአልሙኒየም ቸርኬ ነው። ያሉት ሞዞ፣ ፎርክ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) እና ቴላዮ (የሳይክሉ አካል) ሳይነኩ ይገጠማል፣ የጎማው ሽቦዎች ርዝመት ብቻ እንደ አዲሱ ቸርኬ ይለካ። በዝናብ አልሙኒየምም ይዳከማል፤ መታጠፊያው ገና ሩቅ ሳለ ፍሬኑን ነካ ነካ አድርጎ ውሃውን መጥረግ ነው።

ዳዶ፦
ዲስክ የምትሉ ሰዎች፣ ምኑ ላይ ነው የምታስሩት? ሞዞው ዲስኩን የሚይዝ ቦታ፣ ብዙ ጊዜ 6 የቡሎን ቀዳዳዎች፣ ያስፈልገዋል፤ ፎርኩና ቴላዮው መያዣ ሊኖራቸው ይገባል። መያዣ የሌለውን ፎርክ በይዶ ዲስክ መግጠም ሞት ነው፤ ኃይሉ በሙሉ አንዱ እግር ላይ ስለሚያርፍ ይታጠፋል። ርካሹ በሽቦ የሚሠራ ዲስክ ደግሞ ዲስኩን ከሚቆነጥጡት ሁለት ሸራዎች አንዱ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ያኛው በየጊዜው ካልተጠጋ ዲስኩ ወደ ጎን ይጎብጣል። የካቴና ዘይት ጠብ ካለበት ሸራው ይጣላል። እንዲህ ያለ ዲስክ በደንብ ከተሠራ ቪ አይበልጥም።

ቁልቁለት፦
ጋሽ ዳዶ፣ ይሁን። የቸርኬውን መሳሳት ግን ማን ይለካል? ላስቲኩ ግድግዳውን እየበላ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሲያደርሰው ቸርኬው ጎማ እንደያዘ ይሰነጠቃል። ዲስክ ሲያልቅ ዲስክ ይቀየራል፣ ሰው አይወድቅም።

ሞረድ፦
ማስመሪያ ወደ ጎን ደግፉበት። መሃሉ ጎድጉዶ ብርሃን ካሳለፈ ይውጣ። አንዳንዱ ቸርኬ ላይ ምልክት የሚሆን ቦይ ወይም ነጥብ አለ፣ ሲጠፋ ያው ነው።

ሌላው፣ አከራዮች "የፊቱን ፍሬን አትያዝ፣ ትገለበጣለህ" እያሉ ፈትተው የሚልኩት ነገር ይቁም። 8 በመቶ ቁልቁለት ላይ፣ በ40 ፍጥነት፣ ሁለቱም ከሠሩ ሳይክሉ በ15 ሜትር ገደማ ይቆማል። የኋላው ብቻ ከሆነ 37 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስንይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላ ጎማ ይቀልና ይንሸራተታል። መቀመጫን ወደ ኋላ ሸሸት፣ ክንድን ቀጥ፣ የፊቱን ቀስ በቀስ ማጥበቅ።

አወያይ፦
እንግዲህ ሐሳቡ እንዲህ ይስተካከል የሚል አለ? የፍሬኑ ዓይነት ይቅርና ፈተና ይውጣለት፦ ሜዳ ላይ፣ ደረቅ አስፋልት፣ በ20 ፍጥነት፣ በሁለቱም ፍሬን በ4 ሜትር ውስጥ ያልቆመ አይከራይም።

ብሩጎላ፦
ይስማማኛል። ዲስኩም ይፈተን።

የአንኮበር ጭጋግ፦
አንድ ጆግ ውሃ ቸርኬው ላይ አፍስሳችሁ ከደገማችሁት እኔም እፈርማለሁ። በደረቅ ብቻ ከሆነ አልፈርምም።