ለይቶ ማቆያ ያለበት የወረርሽኝ ሞዴል ለድሬዳዋ፦ 0.85 የሚለውን ውጤት ልመነው?

ከዚራ_12፦
ሰላም ለሁላችሁ። በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ድሬዳዋ ቢገባ ለሚደረግ የዝግጁነት ልምምድ ሞዴል እየሠራሁ ነው። መሠረቱ የታወቀው የከርማክና የማኬንድሪክ (እ.ኤ.አ. 1927) ሞዴል ሲሆን ሳጥኖቹን ወደ ስድስት አሳድጌያቸዋለሁ፦ ተጋላጭ፣ ተይዞ ገና የማያስተላልፍ፣ የሚያስተላልፍ ሕመምተኛ፣ ተይዞ ሳይታመም ማቆያ የገባ፣ ማከሚያ የገባ፣ ያገገመ።

ቁጥሮቹ በቀን እንዲህ ናቸው። የመተላለፊያው ምጣኔ ቤታ 0.5፣ ሲግማ 0.2 (ሳያስተላልፍ በአማካይ 5 ቀን ይቆያል)፣ የማገገሚያው ምጣኔ ጋማ 0.2። የታመመ ሰው ወደ ማከሚያ የሚገባበት ምጣኔ፣ አልፋ፣ 0.3 ነው። በንክኪ ልየታ ሳይታመም ወደ ማቆያ የሚገባበት ደግሞ 0.1። ማከሚያ የገባ ሰው ውጭ ካለው አንጻር የሚያስተላልፈውን «ማፍሰሻ» ብዬ 0.1 ሰጥቼዋለሁ። ያለ እርምጃ አር ዜሮ (አንድ ሕመምተኛ በአማካይ የሚያስይዘው የሰው ብዛት፣ ከ1 በታች ሲሆን ወረርሽኙ ይከስማል) 2.5 ነው፤ በእርምጃው ወደ 0.85 ወረደልኝ።

ሁለት ነገር ግራ አጋብቶኛል። አንደኛ፣ ለጠቅላላው ሕዝብ የወሰድኩት 341,834 ነው (የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ፣ ከተማና ገጠሩ አንድ ላይ)። ማቆያና ማከሚያ ያሉትን ሰዎች ከዚህ አካፋይ (የአዲስ ተያዦች ስሌት ከሚካፈልበት ቁጥር) ልቀንስ ወይስ ልተው? ሁለተኛ፣ በቀን 30 ሰው አዲስ ሲያዝ ሞዴሉ ማቆያ ውስጥ 50 ሰው ብቻ ያሳየኛል። ለአልጋና ለምግብ እቅድ ይህንን ባቀርብ ትክክል ነው?

ሳቢያን_ቆጣሪ፦
አቦ 50ውን ለማንም እንዳታቀብል! ስሌቱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ሳጥኑ ነው። አንተ ጋ ማቆያ የሚገባው የተያዘ ሰው ብቻ ነው። ልየታ የሚሠራው ጤና ባለሙያ ግን ማን እንደተያዘ አያውቅም፤ ንክኪ ያለውን ሁሉ ያስገባል።

በቁጥር እንየው። ከ30ዎቹ ሲሶው፣ ማለትም 10 ሰው በቀን፣ ሳይታመም ማቆያ ይገባል። 5 ቀን ሲቆይ 50 ይሆናል፤ ያየኸው ይሄ ነው። ንክኪ ካላቸው 10 ሰዎች አንዱ ብቻ ተይዟል እንበል። 10 የተያዙትን ለማግኘት 90 ያልተያዙ አብረው ይገባሉ፤ እነዚህ የማቆያውን 14 ቀን ሙሉ ይቆያሉ። 90 × 14 = 1,260። ከ50ው ጋር 1,310 ሰው። በ50 ሰው ሒሳብ እንጀራ ታዝዞ 1,310 ሰው ሲገባ የሚሆነው ግልጽ ነው፤ ሰው አጥር ዘሎ ይወጣል፣ ሞዴሉም እዚያው ይፈርሳል። ስለዚህ ሰባተኛ ሳጥን ጨምር፦ «ተጋላጭ ሆኖ ማቆያ ያለ»። ከተጋላጭ የሚገባበት ፍሰት የተያዙት ፍሰት 9 እጥፍ፣ የሚመለሰውም ወደ ተጋላጭ።

የመመለሻውን ምጣኔ 1/14 ብለህ እንዳታስገባ ግን። በእንዲህ ያለ ምጣኔ የቆይታው ጊዜ ኤክስፖኔንሻል ይሆናል፤ ከገቡት 30 በመቶው ገና 5 ቀን ሳይሞላቸው ይወጣሉ፣ 63 በመቶው ደግሞ ከ14 ቀን በፊት። ማቆያ እንደዚያ አይሠራም። ሳጥኑን ሰባት ቦታ ክፈለውና ከአንዱ ወደ ቀጣዩ በቀን 0.5 ይለፍ፤ አማካዩ ያው 14 ቀን ነው፣ ከ5 ቀን በፊት የሚወጣው ግን ወደ 1.4 በመቶ ይወርዳል። ኤክሴል ላይ ከሆንክ የጊዜ እርምጃህን አንድ ሙሉ ቀን ሳይሆን 0.1 ቀን አድርግ።

ለገሃሬ_ስታት፦
እኔን የሚያሳስበኝ 0.85ቱ ራሱ ነው። በእጅ አስላው፤ ኮምፒውተሩ የማያሳይህን ያሳይሃል፦

0.5 × [0.667 × 2 + 0.1 × 0.733 × 5] = 0.5 × [1.333 + 0.367] = 0.85

0.667 ማለት ልየታው ያላገኘው ድርሻ ነው (0.2 ÷ (0.2 + 0.1)፣ ሲግማ ከልየታው ጋር ሲፎካከር)። 2 ማለት የታመመ ሰው ማከሚያ ሳይገባ ወይም ሳያገግም ውጭ የሚቆይበት ቀን ነው (1 ÷ (0.3 + 0.2)፣ አልፋና ጋማ ተደምረው)። 0.733 ውሎ አድሮ ማከሚያ የሚደርሰው ድርሻ፣ 5 ደግሞ እዚያ ሆኖ የሚያስተላልፍበት ቀን።

አሁን ማፍሰሻውን ብቻ ነካካው። 0.18 ላይ ውጤቱ 1 ይሞላል። 0.4 ብታደርገው 1.4 ነው፤ ወረርሽኙ ይቀጥላል። 0.1ን ከየት አመጣኸው? ማከሚያ ሲባል በር የተዘጋበት ክፍል ይታሰበናል፤ እውነታው ግን አስታማሚ ምሳ ዕቃ ይዞ የሚገባበት፣ መጸዳጃው የጋራ የሆነ፣ በድሬ ሙቀት ሰው ማታ ማታ ከክፍሉ ወጥቶ በረንዳ ላይ የሚቀመጥበት ነው። የማፍሰሻውን ቁጥር አንድ ብቻ አትስጥ፤ ከ0.05 እስከ 0.4 አሂደህ 1ን የሚያቋርጥበትን ቦታ አሳይ። ውሳኔ ሰጪው የሚፈልገው ያንን ነው።

አልፋም እንደዚያው። 0.3 ማለት «30 በመቶው ይገባል» ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከአልፋ 0.3 እና ከጋማ 0.2 ፉክክር 60 በመቶው ይገባል ማለት ነው። አልፋን ወደ 0.2 ብታወርደው ሕመምተኛው ውጭ የሚቆየው ከ2 ቀን ወደ 2.5 ቀን ያድጋል፤ ውጤቱ ልክ 1 ይሆናል። ግማሽ ቀን ነው ልዩነቱ! የናሙና ውጤት ግማሽ ቀን ሲዘገይ ያገኘኸው ሁሉ ይጠፋል። ልየታውን ዜሮ አድርገህ ማከሚያውን ብቻ ብትተው ደግሞ 1.15 ነው።

በሽታው ምልክት ከማሳየቱ በፊት የሚተላለፍ ከሆነ፣ እንደ ኮቪድ፣ ምልክት ያላሳየ አስተላላፊ የሚባል ሳጥን የግድ ያስፈልግሃል፤ አልፋ እዚያ ሳጥን አይደርስም፣ የሚደርሰው ልየታ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሳርስ በለይቶ ማከሚያ የተገታው ዋናው መተላለፊያው ሰው ከታመመ በኋላ ስለነበር ነው።

ከዚራ_12፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁለታችሁንም። ቤት ውስጥ ተለይቶ መቆየትንም በዚያው ማፍሰሻ ላስገባው? አካፋዩስ?

መጋላ_ሞዴል፦
ቤት ውስጥ ያለውን ለብቻው ያዘው። ማፍሰሻ የሚባለው ሕመምተኛው ከከተማው ሰው ሁሉ ጋር ይደባለቃል ብሎ ነው የሚያስበው። አምስት ሰው ያለበት ቤት ውስጥ ግን የሚያስይዘው ቢበዛ አራት ነው፤ ከዚያ ያልቃል። በአንድ ቁጥር ካስገባኸው ለሰፊው ከተማ የሚተርፈውን ታጋንነዋለህ፣ በቤቱ ውስጥ ያለውን ታሳንሳለህ። ቧንቧና መጸዳጃ በሚጋሩባቸው የመጋላ ግቢዎች ደግሞ «ቤት» ማለት ግቢው ነው፤ የሰው ብዛቱን በግቢ ቁጠር።

አካፋዩን በተመለከተ፣ ለከተማው አትጨነቅ። 1,310 ሰው ከ341,834 0.4 በመቶ እንኳን አይሞላም፤ 0.85ቱም አይለወጥም፣ ምክንያቱም የሚሰላው ማቆያው ባዶ በሆነበት መነሻ ላይ ነው። ለማረሚያ ቤት ወይም ለአንድ ካምፓስ ስትሠራ ግን ቀንስ፤ ከ2,000 ሰው 600ው ከተለየ የቀሩት እርስ በርስ የሚገናኙበት ድርሻ ይጨምራል። የወረርሽኝ ሞዴል ተመራማሪው ሄትኮትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳዩት፣ በዚህ አካፋይ አንዳንድ ሞዴሎች ላይ በሽታው ተረጋግቶ በመቀመጥ ፈንታ ከፍ ዝቅ እያለ ይመላለሳል። ስትቀንስ ደግሞ ማፍሰሻውን አትርሳ፦ ማከሚያ ካሉት የምትቀንሰው 0.9ውን ነው እንጂ ሁሉንም አይደለም።

ሌላው ማንም ያላነሳው፣ ሞዴልህ በር የተዘጋበት ከተማ ነው። ድሬ የባቡርና የመንገድ ከተማ ናት፤ ከደወሌ በኩል ከጅቡቲ የሚመጣው ሰው አያቋርጥም። ውጤቱ 0.85 ሲሆን አንድ ከውጭ የገባ ሕመምተኛ ራሱን ጨምሮ 1 ÷ 0.15፣ ወደ 6.7 ሰው ይሆናል። በቀን 3 ሰው ተይዞ ከገባ ቁጥሩ ወደ ዜሮ አይወርድም፤ በቀን 20 ላይ ይቆማል። በሳቢያን_ቆጣሪ ስሌት ይሄ ማለት ማቆያ ውስጥ ሁልጊዜ 870 ገደማ ሰው አለ ማለት ነው። ስለዚህ «ተይዞ ገና የማያስተላልፍ» ሳጥን ላይ በቀን 3 የሚጨምር መግቢያ አድርግለት፤ ማቆያው መቼ ይዘጋል ለሚለው ጥያቄም ኩርባው ዜሮ እስኪነካ አትጠብቅ።

ይህን ሞዴል ለቺኩንጉንያና ለደንጊ እንዳትወስደው ደግሞ። እ.ኤ.አ. በ2019 ድሬን የመታው ቺኩንጉንያ የሚተላለፈው በትንኝ ነው፤ እዚያ የትንኟ ሳጥኖች ያስፈልጋሉ፣ የሕመምተኛ መለየት ትርጉሙም ትኩሳቱ ባለበት ሳምንት ቀን ጭምር ከትንኝ መከለል ነው።

ሳቢያን_ቆጣሪ፦
ትክክል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሞዴሉን ከመረጃ ጋር ስታገናኝ ድምር ቁጥሩን ሳይሆን በየቀኑ ወደ ማከሚያ የገቡትን አዲስ ሰዎች ተጠቀም። ድምር ቁጥር ሁልጊዜ ለስላሳ ኩርባ ስለሚሰጥ የማይገጥመውም ሞዴል የገጠመ ይመስላል።