የውራጅ ልብስ ፕሮፖዛል፦ ድራፍት 2 ላይ ሐሳብ ስጡ

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኛ እዚህ ጀርመን ያለን ኢትዮጵያውያን ከጋናዎቹና ከኬንያዎቹ ማኅበር ጋር በጋራ ለከተማው ምክር ቤትና ለፓርላማ አባላት የምናስገባውን ፕሮፖዛል እንደገና ጽፌዋለሁ፣ የመጀመሪያው "አካባቢያችንን እንጠብቅ" ምናምን እያለ ሦስት ገጽ የሚሄድ ነገር ስለነበር ያንን በሙሉ አውጥቼዋለሁ። አሁን ያስቀረሁት አንድ ጥያቄ ነው፦ አዲስ ልብስ እዚህ የሚሸጥ ኩባንያ የሚከፍለው ገንዘብ ልብሱን እስከ መጨረሻው ይከተለው፣ መጨረሻው አክራም ናይሮቢም ቢሆን። ላልሰማችሁ፣ የአውሮፓ ኅብረት የቆሻሻ ሕጉን አሻሽሎ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሎታል፣ በዚህ ሕግ መሠረት አባል አገራት በ30 ወር ውስጥ አምራቾች ለልብስ መሰብሰቢያ፣ ለመለያና ለሪሳይክል የሚከፍሉበትን ሥርዓት መዘርጋት አለባቸው። ስለዚህ ጀርመንም የራሷን ሕግ ማስተካከሏ አይቀርም፣ አሁን ካልተናገርን ካለቀ በኋላ ብንጮህ ማንም አይሰማንም።

ገንዘብ ያዥ፦
ጥሩ ነው ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ እኛን ምን አገባችሁ ቢሉንስ? ኢትዮጵያ እኮ ሰልባጅ ለንግድ ማስገባት ክልክል ነው። ጋናዎቹ ይጠይቁ፣ እነሱ ገበያው አላቸው። እኔ እንደውም ቀለል አድርገን "ወደ አፍሪካ ውራጅ መላክ ይታገድ" ብለን ብንጨርሰው ይሻላል ባይ ነኝ፣ የሰው አሮጌ ልብስ መጣያ የሆንነው ይበቃል።

የድሬ ልጅ፦
ሃሃ ክልክል ነው ይላል እንዴ፣ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብተህ አታውቅም ማለት ነው። መርካቶ የሚፈታው ቦንዳስ፣ ያ ታስሮ የሚመጣው የልብስ ጥቅል፣ ከሰማይ ወረደ? ከሶማሌላንድ በቶጎ ውጫሌ ጅግጅጋ እያለ ይገባል፣ ሕጉም እዚያው አለ ልብሱም እዚያው አለ። ክልከላው ያመጣው ለውጥ ቢኖር ቦንዳው ውስጥ ቡትቶ ቢወጣብህ የምትከስሰው ሰው አለመኖሩ ነው። ነጋዴው ተበድሮ ሳይፈታ ገዝቶ ግማሹ የማይሸጥ ቢሆን ራሱ ይሸከማታል፣ ማን ጋር ሄዶ ይጮሃል፣ በኮንትሮባንድ የገባ ዕቃ ይዞ ጉምሩክ ጋር ሊሄድ ነው?
ስለ ማገድ ደግሞ ሩዋንዳን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2016 በኪሎ 20 ሳንቲም ዶላር የነበረውን ቀረጥ 2 ዶላር ከ50 አደረጉት፣ አሜሪካ ተቆጣችና በ2018 የልብስ ኤክስፖርታቸውን ከአጎዋ፣ ማለትም ያለቀረጥ አሜሪካ ከማስገባት ጥቅም፣ አገደችው። ያኔ አብረው እናስቀራለን ብለው የነበሩት ጎረቤቶች አንድ በአንድ ሸርተት አሉ። እኔ በበኩሌ እናቴ ያሳደገችን በሰልባጅ ነው፣ አዲሱ የቻይና ሱሪ ሁለቴ ሲታጠብ ስፌቱ ሲፈርስ ሰልባጁ ጂንስ ከታላቄ ወደ እኔ ከእኔ ወደ ታናሼ ወርዶ ነበር። ስለዚህ "ይታገድ" የሚል ነገር ከተጻፈ እኔ አልፈርምም።

የሐዋሳ ልጅ፦
የድሬን ልጅ እደግፋለሁ፣ አጎዋ ሲነካ ምን እንደሚመስል እኔ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እያለሁ አይቼዋለሁ፣ ወሬ አይደለም።
አሁን የምሠራው እዚህ ልብስ የሚለይበት ቦታ ስለሆነ እኔ ልጨምር የምፈልገው ነገር ስለ መለየት ነው፣ ምክንያቱም ድራፍቱ ላይ "በአግባቡ ይለይ" ብላችሁ አልፋችሁታል፣ "በአግባቡ" ማለት ምን ማለት ነው? ልብሱ በቀበቶ እየተንቀሳቀሰ ይመጣል፣ እኛ ግራና ቀኝ ቆመን በእጅ እንለያለን፣ አንዱን ቁራጭ ለማየት ያለህ ጊዜ ሰከንዶች ነው። አንገትጌውን ታያለህ፣ ብብቱን ታያለህ፣ ዚፑን ትስባለህ፣ ቀሪውን ጣትህ ነው የሚነግርህ። አንደኛው ደረጃ ክሬም ይባላል፣ እሱ እዚሁ አውሮፓ ቪንቴጅ ሱቅ ይሄዳል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው ወደ አፍሪካ የሚሄደው። የተቀደደ ጥጥ ከሆነ ተቆርጦ የጋራዥ መጥረጊያ ይሆናል፣ የኛ ሰዎች ስትራሾ የሚሉት። ችግሩ ፖሊስተሩ ነው። እንደ ጥጥ አይመጥም ስለዚህ ጥሩ መጥረጊያ አይሆንም፣ ላስቲክ የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ሪሳይክል የሚያደርጉትም አይፈልጉትም፣ እና በየዓመቱ እየበዛ የመጣው እሱ ነው። ማንም የማይፈልገው ልብስ ሲበዛ ምን እንደሚሆን ገምቱ፣ ማቃጠያ መላክ ያስከፍላል፣ ቦንዳው መሐል መክተት ግን ያስገኛል። ሁሉም ያደርገዋል አላልኩም፣ ግን የዋጋው ስሌት ወደዚያ ነው የሚገፋህ።
ሌላ ደግሞ፣ ከጥር 2025 ጀምሮ ጨርቅ ለብቻ ይሰብሰብ የሚለው የአውሮፓ ሕግ ሲመጣ ሰዉ ሁሉ የቀለም መጥረጊያውንም የረጠበ ካልሲውንም የልብስ መሰብሰቢያ ኮንቴይነር ውስጥ መክተት ጀመረ። አንድ እርጥብ ነገር ከገባ ሻጋታው ዙሪያውን ያለውን ንጹሕ ልብስ ይዞ ይሄዳል። ለይተው የሚሸጡት ድርጅቶችም እየከሰሩ ነው፣ ኮንቴይነሩ ከየመንገዱ እየተነሳ እንደሆነ አይታችኋል።

ጸሐፊዋ፦
ይሄ በጣም ጠቃሚ ነው። በነገራችን ላይ አዲሱ ሕግ ራሱ ልብስ ከአገር ከመውጣቱ በፊት ይለይ ይላል፣ ስለዚህ የኛ ጥያቄ "ይለይ" ሳይሆን "ማን ባወጣው መስፈርት ይለይ" መሆን አለበት። የጋናዎቹ ተወካይ ትናንት በስልክ ያለችኝም እሱን ነው። አክራ ያለው ካንታማንቶ የሰልባጅ ገበያ ላይ ሻጩ 55 ኪሎ የሚሆን ቦንዳ ሳይከፈት ይገዛል፣ ካያዬ የሚባሉት ሴቶች በጭንቅላታቸው ተሸክመው ያደርሱለታል፣ ሲፈታው ነው ምን እንደገዛ የሚያውቀው። ገበያው ደግሞ በጥር 2025 መጀመሪያ ተቃጥሎ አብዛኛው ወድሟል፣ መልሰው የሠሩትም በአብዛኛው ራሳቸው ነጋዴዎቹ ናቸው። ከአውሮፓ የሚወጣው ያገለገለ ጨርቅ እ.ኤ.አ. በ2000 ከ550 ሺህ ቶን ትንሽ በለጥ ያለ ነበር፣ በ2019 ወደ 1.7 ሚሊዮን ቶን ደርሷል፣ ከሱ ውስጥ 46 በመቶው አፍሪካ ነው የሄደው። ክፍያው ግን እዚህ ድንበር ላይ ይቆማል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ሕግ አምራቾችን ማስከፈል ከጀመረች ስንት ዘመኗ፣ ገንዘቡ የሚሠራው በዋናነት እዚያው ፈረንሳይ ነው። ቆሻሻውን የሚያነሳው ግን የአክራ ማዘጋጃ ቤት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
እሺ ገባኝ፣ "ይታገድ" የሚለውን ትቼዋለሁ። ግን ገንዘቡ ይከተል ስንል በማን እጅ ነው የሚገባው? መንግሥት ለመንግሥት ከሆነ እናውቀዋለን፣ ስብሰባና አበል ሆኖ ይቀራል።

ጋሽ መርፌ፦
ልጆቼ እንደምን አመሻችሁ። እኔ ሕጉን አላውቀውም፣ የማውቀው መርፌና ክር ነው። ሁላችሁም ስለ መላክና ስለ መለየት ታወራላችሁ፣ ልብሱ ከመጣሉ በፊት ስላለው ነገር ማን ጻፈ? እኔ መርካቶ ስሠራ ሰው ኮቱን ያስገለብጥ ነበር፣ ውጪው ሲነጣ ፈትተን ውስጡን ወደ ውጭ አድርገን እንሰፋው ነበር፣ ኪሱ በሌላ በኩል ይሆናል እንጂ አዲስ ነው። ልዋጩም በየሰፈሩ እየዞረ በሳህን በባልዲ አሮጌ ልብስ ይለውጣል፣ ያ ልብስ ምናለሽ ተራ ዞሮ ተጠግኖ እንደገና ይሸጣል። እዚህ ግን ዚፕ ቀይርልኝ ብሎ የሚመጣው ሰው ዋጋውን ሲሰማ "በዚህ ብር አዲስ እገዛለሁ" ብሎ ይሄዳል፣ እውነቱንም ነው፣ እኔም ኪራይ አለብኝ። ፈረንሳይ ያለው የእህቴ ልጅ እንደነገረኝ እዚያ መንግሥት ልብስና ጫማ ለሚያስጠግን ይደጉማል።

ጸሐፊዋ፦
ልክ ነዎት ጋሼ፣ ከኅዳር 2023 ጀምሮ አለ። እንደ ጥገናው ዓይነት ከ6 እስከ 25 ዩሮ ከሒሳቡ ላይ ይቀነስለታል፣ ገንዘቡም ከመንግሥት ሳይሆን አምራቾቹ ከሚከፍሉት ነው። እዚህ ጀርመን በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች የመጣው የጥገና ድጎማ ለኤሌክትሪክ ዕቃ ነው። እርስዎ ካሉት አንድ አንቀጽ ይወጣዋል፣ እንደውም ከፍ አድርጌ ሁለተኛው ላይ አስገባዋለሁ።

የድሬ ልጅ፦
ጋሼ ይኑሩልን። ለገንዘብ ያዥ ጥያቄ ግን መልስ አልተሰጠም፣ እኔ የምለው ገንዘቡ ለመንግሥት ሳይሆን ለገበያው የነጋዴ ማኅበርና ለጠጋኞቹ በቀጥታ ይሁን፣ ለምሳሌ በቦንዳው ውስጥ የማይሸጥ ሆኖ የወጣውን በኪሎ መዝኖ ላኪው ይክፈል። ያኔ ቡትቶ መላክ ከማቃጠል ይልቅ ይወደድበታል፣ የሐዋሳ ልጅ ያለው ስሌት ይገለበጣል። ለኛ አገር ግን አይሠራም እኮ፣ ኮንትሮባንድ ማን ይመዝናል፣ ያንን በግልጽ እንጻፈው።

የሐዋሳ ልጅ፦
መመዘኑ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ነጋዴው ያልሸጠውን ሁሉ ቡትቶ ነው ብሎ እንዳይመዝን መስፈርቱን ራሳችን እንጻፍ፦ የተቀደደ፣ እድፉ የማይለቅ፣ ሻጋታ የያዘ፣ ላስቲኩ የላላ፣ ዚፑ የማይዘጋ። የክረምት ወፍራም ጃኬት ደግሞ ንጹሕ ቢሆንም ሙቀት አገር ስለማይፈለግ ለብቻው ይታይ። እኔ ዝርዝሩን ሥራ ቦታ ካሉት ልጆች ጋር አይቼ ረቡዕ ማታ እልካለሁ።

ጸሐፊዋ፦
እሺ፣ እንግዲህ አንቀጽ 1 የሐዋሳ ልጅ መስፈርት፣ አንቀጽ 2 የጋሼ ጥገና፣ አንቀጽ 3 በኪሎ መዝኖ ማስከፈል። የኢትዮጵያውን ጉዳይ የድሬ ልጅ በግማሽ ገጽ ጽፈህ ላክልኝ፣ ስድብ አይኑርበት እባክህ። ገንዘብ ያዥ፣ በየዓመቱ ለገና ልብስ ሰብስበን የምንልከው ነገር ዘንድሮ ይቀጥላል ወይ የሚለውን አጀንዳ ላይ ያዝልኝ፣ ይሄን እየጠየቅን እኛው ሳንለይ የምንልክ ከሆነ ጋናዎቹ ፊት አያኮራም።

ገንዘብ ያዥ፦
ይያዛል። ባለፈው ዓመት ከተሰበሰበው ምድር ቤት የቀረ ስምንት ከረጢት አለ፣ የሐዋሳ ልጅ ቅዳሜ መጥቶ በመስፈርቱ ይለየው፣ ዝርዝሩ ይሠራ እንደሆነ እዚያው እናያለን።