ጥቁር ጨርቅ ላይ የኩዊልት ንድፍ በምን ላስምር?

ሰማያዊ ክር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። 150 በ200 ሴንቲ የሆነ ጥቁር ሰማያዊ የጥጥ ጨርቅ ላይ ኩዊልት (ተደራርቦ በንድፍ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ) ልሠራ ነው። መሃሉ ላይ የላሊበላ መስቀል፣ ዙሪያውን እንደ ብራና መጽሐፍ ሐረግ የተጠላለፈ ጥለት ይገባበታል። የምሰፋው በቤት የስፌት መኪና ነው፤ ክሩ ወርቃማ ነው። ያቃተኝ ማስመሩ ነው። የተማሪ ጠመኔ መስመሩ ወፍራም ነው፤ ጨርቁን ሁለቴ ካገላበጥኩት ይረግፋል። ቢጫ የሥዕል እርሳስ ደግሞ ታጥቦም አልለቀቀም። ንድፉን ከሥር አድርጌ በመስታወት መብራት ባበራበትም ምንም አይታይም። ያለሁት አዲስ አበባ ነው፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ስላለ ምን ላስመጣ? እዚሁ የሚገኘውስ የትኛው ይሠራል?

ባለ ካውያ

መብራቱን ተዪው፣ ለነጭ አቡጀዲ እንጂ ጥቁር ጨርቅ ብርሃን አያሳልፍም። የሥዕል እርሳሱም ያልለቀቀው ሰምና ዘይት ስላለበት ነው፤ ካውያ ካረፈበት ጭራሽ ይጠጣል። የቀረ ካለ፣ ካውያ ሳታስነኪ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርገሽ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ሞክሪው።

ለሁሉም የሚሆን አንድ መሣሪያ አትፈልጊ። ቀጥ ላለው መስመር ሄራ የሚባለው የጃፓን መሣሪያ ይበቃል። ቀለም የለውም፤ ማስመሪያ አስደግፈሽ ጫን ብለሽ ስትጎትቺው ጨርቁ ላይ እጥፋት ይተዋል። እንዳንቺ ባለ አንድ ቀለም ጨርቅ ላይ ጥሩ ይታያል፣ አበባ ባለበት ላይ ግን ዓይን ያደክማል። የክፍሉን መብራት አጥፍተሽ የጠረጴዛ መብራት ከጎን ዝቅ አድርጊለት፣ እጥፋቱ ጥላ ይጥላል። ውሃ ሲነካው ስለሚጠፋ የሚታጠብ ነገር የለም። ሄራ ከሌለ የጠረጴዛ ቢላ ደነዝ ጀርባ ይሠራል፤ ቧጨር እንዳያደርግ ግን መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሪ።

ለሐረጉ ቀጭን መስመር ያስፈልግሻል፤ ክሮቹ የሚተላለፉበት ቦታ ላይ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ የጠመኔ መስመር የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደሚሄድ አያሳይም። የምታስመጪው ጫፉ እየተገፋ የሚወጣ ነጭ የሴራሚክ እርሳስ ይሁን፤ ሰውላይን የሚባለው ጫፉ 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። ጫፉን አስረዝመሽ አታውጪው፣ ይሰበራል። ከጨርቁ ሥር ሻካራው ወደ ላይ የሆነ የብርጭቆ ወረቀት አንጥፊ፤ ጨርቁን ስለሚይዘው በእርሳሱ አይጎተትም።

ሐረግና ክር

ባለ ካውያ ባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሐረጉን በነፃ እጅ በእርሳስ መሳል የለብሽም። ጥለቱ ስለሚደጋገም አንድ ጊዜ ወረቀት ላይ ወግተሽ በዱቄት አስተላልፊው። የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ እዚሁ አለ።

የሐረጉን አንድ ክፍል በስስ ወረቀት ላይ ንደፊ። ከሥሩ ሌሎች አራት ወይም አምስት ባዶ ወረቀቶች ደርበሽ ጠርዙን በስቴፕለር ያዢው። መኪናው ላይ አሮጌ 90 ቁጥር መርፌ ግጠሚ፤ ወረቀት መርፌ ስለሚያደነዝዝ አዲሱን አታበላሺ። የላዩንም የታቹንም ክር አውጪ፣ የስፌቱን ርዝመት 2 ሚሊ ሜትር አድርገሽ በመስመሩ ላይ ስፊ። መርፌው በወጣበት በኩል የወረቀቱ ጠርዝ ስለሚቆም ያንን ጎን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በስሱ ፈግፍጊው፤ ካልተፈገፈገ ቀዳዳው ተመልሶ ይደፈናል፣ ዱቄትም አይወርድም።

ከዚያ ነጭ የሰሌዳ ጠመኔ አድቅቀሽ ንፊው፣ አሮጌ ካልሲ ውስጥ አስረሽ እንደ እብጥ አድርጊው። ባለ ቀለሙን ጠመኔ አትንኪ፤ ቀለሙ ጥጥ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ወረቀቱን በስፒል አጥብቀሽ እብጡን በክብ በክብ አሽከርክሪው። አትደብድቢው፤ ሲደበደብ አቧራው ከወረቀቱ ሥር ይበተንና መስመሩ ይደበዝዛል። ሲያልቅ ወረቀቱን ሳትጎትቺ ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ አንሺ። የሚቀርልሽ ነጥብ ነጥብ ነው፣ እሱን በሴራሚኩ እርሳስ ወይም በሹል ጠመኔ አገናኝተሽ ትርፉን እፍ በይው።

ኩዊልት ፓውንስ የሚባለው ዝግጁ የዱቄት ሣጥንም ሥራው ይኸው ነው። በካውያ የሚጠፋው ዓይነት አለ፤ ለፖሊስተር ክርና ጨርቅ ግን የሚጠይቀው ሙቀት ሊበዛ ስለሚችል ወርቃማ ክርሽን አስቢበት።

አንድ ነገር ሳልረሳ። የሐረጉን ክፍል ከማውጣትሽ በፊት ዙሪያውን አካፍይ። ከጎን 5፣ ከላይና ከታች 10 ሴንቲ ብትተዪ የሐረጉ ውጫዊ ስፋት 140 በ180 ይሆናል። ክፍሉ 10 ሴንቲ ከሆነ፣ ማዕዘኖቹን ለብቻ ስታወጪ በአጭሩ 12፣ በረጅሙ 16 ድግግሞሽ ይቀርሻል። ሁለቱም ሙሉ ቁጥር ብቻ ሳይሆኑ ጥንድ ናቸው። አንዱ ክፍል አንድ መጠላለፍ ብቻ ካለው፣ ጎዶሎ ቁጥር ላይ ከላይ የነበረው ክር ማዕዘኑ ላይ ከታች ሆኖ ይደርስና አይገጥምም። ከላይና ከታችም 5 ሴንቲ ብቻ ብትተዪ ረጅሙ 17 ይሆን ነበር።

ሰማያዊ ክር

ተባረኩ። ጎዶሎውን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ በሙቀት የሚጠፋ እስክሪብቶ ብዙ ሰው ያመሰግነዋል፣ ይምጣልኝ? ደግሞ ጠመኔው እየሰፋሁ ቢረግፍብኝስ?

ነጭ መስመር

እስክሪብቶውን ለጥቁር ጨርቅ አልመክርሽም። ፍሪክሽን የሚባለው ቀለም በካውያ አይጠፋም፣ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ መልኩን ያጣል እንጂ ጨርቁ ውስጥ ይቀመጣል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲወርድ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ይህ አያሳስብም፤ ኩዊልቱን ብርድ በሚበረታበት አሜሪካ ሚኒሶታ ላለ ዘመድ ልከሽ በብርዱ ወቅት ውጭ በቆመ መኪና ውስጥ ካደረ ግን ያሳስባል። ለጥቁር ጨርቅ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለ፦ በዚህ መንገድ የሚጠፋ እስክሪብቶ ካውያ ከነካው በኋላም እንደ ቀንድ አውጣ ዱካ የፈዘዘ መስመር ሊተው ይችላል፣ ጥቁር ላይ ደግሞ እሱ ነው ጎልቶ የሚታየው።

እስክሪብቶ ካስፈለገሽ ክሎቨር የሚባለው ኩባንያ የሚሠራውን ነጩን አስመጪ። ሲሰመር እንደ ውሃ ነው፤ ምንም አይታይም፣ ጥቂት ሴኮንድ ቆይቶ ሲደርቅ ነጭ ይወጣል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አልጻፈም ብሎ ሁለቴ ሦስቴ ይደጋግመዋል፣ ሲደርቅ እንደ ቀለም ቅብ ወፍሮ ያገኘዋል። አንዴ አስምሪና ጠብቂ። በውሃም በካውያም ይለቃል።

ለሚረግፈው ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን አታስምሪ። መሃሉን መስቀል አስምረሽ ስፊ፣ ከዚያ አንድ ጎን፣ ከዚያ ቀጣዩን። የመሃሉን ማዕከልና የሐረጉን ድንበር ብቻ በነጭ ክር በእጅ ረዘም ረዘም ባለ ስፌት አመልክቺ፤ ያ የትም አይሄድም።

ጎጆ ስፌት

ጠመኔው ላይ የፀጉር ስፕሬይ ከ30 ሴንቲ ርቀት በስሱ ቢነፋበት ይይዛል።

ባለ ካውያ

@ጎጆ ስፌት መያዙንስ ይይዛል። ግን ስፕሬይ የሚያጣብቅ ነገር ስላለው ሳይታጠብ ካውያ ካረፈበት ጠመኔውን እንዳለ ያጋግረዋል፣ ጥቁር ላይ ደግሞ የተነፋበት ቦታ ክብ ሆኖ ይታያል። በእኔ ፍርድ አያስፈልግም።

ልብስ ሰፊው

ሳሙናን ማንም አላነሳውም! አገልግሎ የቀጠነ ነጭ ደረቅ የልብስ ሳሙና ጥቁር ጨርቅ ላይ ጥርት ያለ መስመር ያወጣል፣ ውሃ ሲነካውም ይለቃል። ለሁለት ቀን አድርቂውና ጠርዙን በቢላ እንደ ምላጭ ሳይው። ክሬም ያለበትን የገላ ሳሙና ግን አትጠቀሚ፣ ቅባቱ ይቀራል። ከሱቅ ባለ ሦስት ማዕዘን የልብስ ሰፊ ጠመኔ ከገዛሽ በጥፍርሽ ፋቂው፦ ዱቄት ከሆነ ውሰጂው፣ እንደ ሻማ ከተጠቀለለ ሰም ነው፣ ተይው።

ከሁሉ በፊት ጨርቁን በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢው፤ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ይለቃል። ከዚያ ከራሱ ጨርቅ ቁራጭ ላይ በሁሉም መሣሪያ አስምሪ፣ ሁለት ሦስት ቀን አቆይተሽ ግማሹን እጠቢ፣ ግማሹን በካውያ ተኩሺ። የሚያምታታሽ ነገር ካለ እዚያ ይታያል። ሥራው ላይ ግን በካውያ ከሚጠፋው ዓይነት በቀር መስመሩ ሳይለቅ ካውያ አታስጠጊ።

ዘቢደር

ይቅርታ፣ ጥያቄውን ላስረዝመው ነው፤ ጥቁር ከፋይ ካባ ላይ ወርቃማ ጥልፍ ለሚጠልፍስ?

ሐረግና ክር

ከፋይ ላይ ከተባለው አብዛኛው አይሠራም። ጠመኔው በጠጉሩ መሃል ይሰምጣል፣ ሄራው ጠጉሩን ይጨፈልቀዋል፣ ካውያማ ፊቱን ያበላሸዋል። ንድፉን ወረቀት ላይ አድርገሽ ወረቀቱን ከፋዩ ላይ አንጥፊና በላዩ ስፊ። ወረቀቱ ስስና በቀላሉ የሚቀደድ ይሁን፤ ከሥር የሚገባው ገበር እንዳይንሸራተት ዙሪያውን በእጅ ያዢው። ንድፉን በእርሳስ አትሳይ፤ መርፌው ጥቁሩን ይዞ ወርቃማውን ክር ያቆሽሸዋል። ከላይ እንዳልኩት በባዶ መርፌ ወግተሽ አዘጋጂው፣ ቀዳዳውን እያየሽ ትሰፊያለሽ። የስፌቱን ርዝመት ከ2 ሚሊ ሜትር በታች አታውርጂ፤ ካጠረ ወረቀቱ እንደ ብናኝ ተቆራርጦ ከክሩ ሥር ይቀራል። ሲነሳ ስፌቱን በአውራ ጣት ይዘሽ ወረቀቱን ወደ ስፌቱ አቅጣጫ ቅደጂው እንጂ ወደ ላይ አትሳቢው። መጠላለፊያው ውስጥ የቀረውን ትናንሽ ቁራጭ በወረንጦ ልቀሚ።