ስቴቱ የፈቀደው ማሪዋና ግሪን ካርድ ላላት እናትስ ተፈቅዷል?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ያለነው ሜሪላንድ ነው። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ለጡት ካንሰር ኬሞ ጀምራለች። ከወሰደች በኋላ ሦስት ቀን ውሃ እንኳ አይረጋላትም። ጎረቤታችን «የማሪዋና ጋሚ (ማሪዋና ያለበት ከረሜላ) ግዢላት፣ ሕጋዊ ነው» አለችኝ። እማዬ ግሪን ካርድ ነው ያላት፣ በሚመጣው ዓመት ሲትዝንሺፕ ታመለክታለች። ልግዛላት ወይስ ይቅር?

የሌሊት ሹፌር፦ ምን ያጠያይቃል? ግዢላት! ከጁላይ 2023 ጀምሮ እዚህ ስቴት 21 ዓመት የሞላው ሁሉ ይገዛል። ሱቁ ታክስ እየከፈለ በግላጭ ይሸጣል። ሰው እያቃሰተ ወረቀት ይቆጠራል እንዴ?

እማማ ከቨርጂኒያ፦ ልጄ፣ ሀሺሽ ሀሺሽ ነው። ስሙን ቢያቆላምጡት አይለወጥም።

የሌሊት ሹፌር፦ እማማ፣ ሞርፊን ከምን የሚሠራ መሰለዎት? ከኦፒየም እኮ ነው።

ነርሷ፦ ካንሰር ክፍል ነው የምሠራው። እማማ፣ መድኃኒትነቱስ ውሸት አይደለም። ለከባድ የልጆች የሚጥል በሽታ ከዚሁ ተክል የሚሠራ ኤፒዲዮሌክስ የሚባል ፈሳሽ በ2018 ተፈቅዷል። ለኬሞ ማቅለሽለሽ ደግሞ ድሮናቢኖል የሚባል እንክብል አለ። ውስጡ ያለው በላብራቶሪ የተሠራ ቲኤችሲ ነው፣ ማሪዋናው ውስጥ ያለው የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ራሱ። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ የፈቀደው በ1985 ነው። ሌላው አልሠራ ሲል በሐኪም ማዘዣ ከፋርማሲ ይወሰዳል።

ጋሚው ግን ያስፈራኛል። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። አንዱን በልተው ይጠብቃሉ፤ ምንም የለም። ሁለተኛ ይደግማሉ። ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ ይመጣሉ፤ ልብ ይደልቃል፣ ራስ ይዞራል። በዚህ ዕድሜ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ መውደቅ አለ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ እህቴ። እናትሽ እንደሚያስመልሳት ለሐኪሙ ነግራዋለች? የእኛ እናቶች «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለው ይወጣሉ። ማስመለስ የሚከላከሉት ኦንዳንሴትሮንና ኦላንዛፒን በደንብ ሳይሞከሩ እዚህ መድረስ አልነበረብንም።

የሌሊት ሹፌር፦ እንክብሉም ጋሚውም ያው ቲኤችሲ ከሆነ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ፎርም ሞይው፦ ልዩነቱ ማዘዣው ነው ወንድሜ። ኢሚግሬሽን የሚያየው የፌዴራሉን ሕግ ነው። በ1970ው ሕግ ማሪዋና ከሄሮይን ጋር በጥብቁ አንደኛ መደብ ነው የተመደበው። በ2024 ወደ ሦስተኛው መደብ ይውረድ የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ ቢወርድም ግን ቁጥጥር ያለበት ዕፅ መሆኑ አይቀርም። የዜግነት ማመልከቻ የሚያየው መሥሪያ ቤት፣ ዩኤስሲአይኤስም፣ በአፕሪል 2019 በግልጽ ጽፏል፦ ስቴቱ ቢፈቅድም ማሪዋና መጠቀም «መልካም ሥነ ምግባር» የሚባለውን የዜግነት መስፈርት ሊያሳጣ ይችላል። መከሰስም መፈረድም የግድ አይደለም፤ ኢንተርቪው ላይ በራስ አፍ ማመን ሊበቃ ይችላል። እናትሽ ደግሞ ሲጠየቁ «አዎ ልጄ፣ ለሕመሜ ወስጃለሁ» ነው የሚሉት። ዋሹ አይባል ነገር፣ መዋሸት ሌላ ጣጣ ነው። ጠበቃ ሳታማክሪ እንዳትነኪው።

የሌሊት ሹፌር፦ ይሄ ነው ፍትሕ? ዜጋው ለጨዋታ ያጨሳል፣ ታማሚዋ ግን ለሕመሟ ትፈራለች!

ነርሷ፦ አንተስ ለጀርባህ ትወስዳለህ? ባለፈው አሞኛል ስትል ነበር።

የሌሊት ሹፌር፦ ... አልወስድም። ሲዲኤል፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ አለኝ። የእኛ የዕፅ ምርመራ ፌዴራል ነው።

እማማ ከቨርጂኒያ፦ ይኸው! ለራስህ የፈራኸውን ለሰው እናት?

ፎርም ሞይው፦ ሌላም አለ። ለበዓል ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ከሆነ ጋሚው ቦርሳ ውስጥ እንዳይገኝ። አገር ቤት የተከለከለ ነው፤ በዱባይ በኩል ከሆነማ አያድርስ።

ጠያቂዋ፦ ማታ እማዬን ጠየቅኳት። እውነትም ለሐኪሙ «ትንሽ ያቅለሸልሸኛል» ብቻ ነው ያለችው! ነገ ቀጠሮ አላት። ስንቴ እንዳስመለሳት ወረቀት ላይ ጽፌያለሁ፤ ትናንት ብቻ ሰባት ጊዜ። እኔ ነኝ የምናገረው፣ ስለ እንክብሉም እጠይቃለሁ።

እማማ ከቨርጂኒያ፦ ጎሽ ልጄ። የአጃ ሾርባ ቀዝቀዝ አድርገሽ ስጫት፣ ትኩስ ነገር ሽታው ያስጠላል።

የሌሊት ሹፌር፦ እግዜር ይማራት። እኔ ግን አሁንም ሕጉ ልክ አይደለም ባይ ነኝ።