የአያቴ የመድኃኒት መጻሕፍት፦ ነጋዴው ብራናዋን ብቻ ይፈልጋል

የድሬሰሩ የልጅ ልጅ (ፍኖተ ሰላም)

እንዴት ዋላችሁ። አያቴ በጃንሆይ ዘመን ድሬሰር ነበሩ። ቡሬና ዙሪያዋን በበቅሎ እየዞሩ መርፌ ወግተዋል፣ ቁስል አጥበዋል። አባታቸው ደግሞ ደብተራ። ሣጥናቸው የሁለቱንም ይዟል። መዳፍ የምታህል የብራና መጽሐፈ መድኃኒት ከነማኅደሯ አለች። የሴት አያቴ ስመ ክርስትና የተጻፈበት ክታብ አለ። ከጎንደር የመጣ በስቴንስል (በድሮው የሰም ወረቀት ማባዣ) የተባዛ የትምህርት ማስታወሻ አንድ እቅፍ ይሆናል። መጀመሪያና መጨረሻው የጠፋ የእንግሊዝኛ የመድኃኒት መጽሐፍም አለ።

ሣጥኑ የኖረው ማድ ቤት ቆጥ ላይ ነው። ሲከፈት ጭስ ጭስ ይላል። ብራናዋ ደህና ናት፤ ወረቀቱ ግን ሲነኩት ይፈረፈራል። እናቴ "ዝም ብሎ ቦታ ከሚይዝ በርበሬ ልቋጥርበት" እያለች ነው። አንድ ነጋዴም ተመላልሶ መጥቷል። "ብራናዋንና ክታቡን ስጠኝ፣ ወረቀቱ ለማንደጃ ይሁንህ" ይላል። የሚሰጠው ገንዘብ ትንሽ አይደለም። አሮጌ የሕክምና መጽሐፍ የምትሰበስቡ፣ ምን ትመክሩኛላችሁ? በፌስታል ልጠቅልለው? ናፍታሊን ልጨምርበት?

ጮቄ

ብራናዋ ላይ የኪንታሮት መድኃኒት ካለ ፎቶ አንሥተህ ልቀቅልን። ለራሴ ነው፣ አትሳቁ።

አሮጌ መጽሐፍ (ደብረ ማርቆስ)

ወንድም ዓለም፣ ነጋዴውን ቡና አጠጥተህ ሸኘው።

ካለህ ሁሉ እኔን ያስቀናኝ ስቴንስሉ ነው። ብራና የሚሰበስብ ሞልቷል። የጎንደር የጤና ኮሌጅ ከደምቢያው የወባ ወረርሽኝ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ጤና መኮንኑም ነርሱም ንጽሕና ጠባቂውም ተምሮ በየወረዳው ተበተነ። የተማረበት ወረቀት አብሮት ሄደ። ያ ወረቀት ዛሬ የት አለ? ቆሎ ተጠቅልሎበት አልቋል። ርካሽ ወረቀት ስለሆነ የተረፈውም ራሱን በራሱ ይበላል። ስለ ወባ፣ ስለ ፈንጣጣ ክትባት፣ ስለ ጉድጓድ ሽንት ቤት አቆፋፈር በአማርኛ ምን ተብሎ ይነገር እንደነበር የምታገኘው እዚያ ላይ ነው። አያትህ ዳር ዳሩ ላይ የጻፉት ነገር ካለ ደግሞ ዋጋ የለውም፤ ማለቴ በገንዘብ አይተመንም። የታካሚ ስም ካየህ ግን እሱን ገጽ ለሰው አታሳይ።

ወደ ብራናዋ ልምጣ። ቀይ ቀለሙ የት የት እንደገባ እይ። ብዙ ጊዜ የበሽታው ስም ወይም የአዲሱ መድኃኒት መነሻ ነው። ወይን ጠጅ ቀለም ካለበት የቅርብ ዘመን እጅ ነው። ገበያ ላይ ጭስ አጥግበው፣ ቆሻሻ ቀብተው "ጥንታዊ" የሚሉት ብራና አለ። ያንተ ከቤት ስለወጣ በዚህ አትጨነቅ። ክታቡን በሴት አያትህ ቁመት ለካው ብልህ ትስቅ ይሆናል፤ ብራናው ብዙውን ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው የሚሠራው። ሕፃናትን ይገድላል ለሚባለው ለሾተላይ የተጻፈ ከሆነ ቤተሰባችሁ ስለጠፉት ሕፃናት የሚነግራችሁ ይኖራል። ይህን ለማያውቀው ሰው መሸጥ እኔ በበኩሌ አልወድም።

ሕጉንም አትርሳ። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ በእጁ ያለ ሰው እንዲያስመዘግብ ያዛል። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ነጋዴህ ለማን እንደሚሸጠው ጠይቀው፤ ፊቱን እይ።

ጮቄ፣ አንተን ደግሞ አንድ ነገር ልበልህ። መጽሐፈ መድኃኒት "አንድ እፍኝ" ይላል። የማን እፍኝ? የእጽዋቱ ስምም ከወንዝ ወንዝ ይለያያል። ሆስፒታል ሂድ።

የእኔን ምኞት ከጠየቃችሁኝ፣ ጀምስ ብሩስ ነው። በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊ። በ1790 ኤድንብራ ላይ የታተመው የጉዞ መጽሐፉ 5 ቅጽ ነው። በመጨረሻው ቅጽ ኮሶና ዋጊኖስ ከነሥዕላቸው አሉ። ሰውዬው ተቅማጥ ይዞት በዋጊኖስ ነው የዳነው፤ ተክሉም በሳይንሱ ስም "ብሩሲያ" ተባለ። የእኛ አገር እረኛ ሲያውቀው የኖረውን ዛፍ! ዋናው እትም በእኔ አቅም አይሞከርም፤ ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚነበበውን አትሜ አስጠርዤዋለሁ። እንደ ብራናህ ያለውን በግእዝ ማንበብ ካቃተህ ደግሞ፣ ስትሬልሲን የሚባል ፖላንዳዊ በ1968 እ.ኤ.አ. ዋርሶ ላይ ተመሳሳይ ጽሑፎችን ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር አሳትሟል። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ፈልግ እንግዲህ።

እንግሊዝኛውን መጽሐፍ? ተወው፣ ያለ መጀመሪያ ገጽ ማንም አይፈልገውም። አያትህ የጻፉበት ካለ ብቻ ያዘው።

ነርስ ነኝ (ባሕር ዳር)

ጋሼ ሁሉንም ብለውታል፤ አቀማመጡን ግን ዘለሉት። ፌስታል በጭራሽ። እርጥበቱን አፍኖ ሻጋታ ያመጣል፤ እኛ ጣና ዳር ያለን እናውቀዋለን። ናፍታሊንም ይቅር፣ ለሳንባህም ጥሩ አይደለም። ብራና ቆዳ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልለህ አጋድመው። ከማድ ቤት አውጣው፣ ከግድግዳም ራቅ አድርገው፤ ምስጥ በዚያ ነው የሚመጣው። የተቀደደውን በስኮች እንዳትለጥፍ፣ ማጣበቂያው ወረቀቱን ያቃጥለዋል። ስቴንስሉን ከሁሉ በፊት በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሣው። ክታቡ አልፈታ ካለ አታስገድደው።

የድሬሰሩ የልጅ ልጅ (ፍኖተ ሰላም)

ጋሼ፣ እህት ዓለም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሣጥኑ ከማድ ቤት ወጥቶ እኔ አልጋ አጠገብ ነው። ስቴንስሉ ላይ አያቴ በእርሳስ ሞልተውበታል፤ አብዛኛው የመርፌ መጠን ነው፣ አንዳንዱ የበቅሎ ገብስ ሒሳብ። እናቴን ብራናዋ የአባቷ አባት እጅ መሆኗን ስነግራት ስለ በርበሬው ዝም አለች። ለምዝገባው ወደ ዞኑ ባህልና ቱሪዝም ልሄድ ነው። ነጋዴው እሁድ እመለሳለሁ ብሏል። ማንደጃ ያለውን ወረቀት ስንት ትገዛኛለህ ልለው አስቤያለሁ።