የጠባሳ ላይ እርግዝና፦ በጋራ ዕቅዱ ረቂቅ ላይ የቀረቡ አስተያየቶች

ሰብሳቢ፦ ገንዘቡ የተጠየቀው በብልት በኩል ለሚያሳይ የአልትራሳውንድ ፕሮብና ለአንድ ቀን ሥልጠና ብቻ ነው። ቀደም ሲል በኦፕሬሽን የወለደች እናት በ6ኛው ወይም በ7ኛው ሳምንት ደም እየፈሰሳት ስትመጣ፣ የማህፀኗ ውስጥና የማህፀን በሯ ባዶ ሆነው የእርግዝናው ከረጢት ከፊት በኩል የቀድሞው ኦፕሬሽን ጠባሳ ላይ ተቀምጦ ከታየ (የጠባሳ ላይ እርግዝና ማለት ይኸው ነው)፣ ማንም ማህፀኗን እንዳይጠርጋት የሚከለክለው አንቀጽ የዕቅዱ እምብርት ነው።

አዋላጅ፣ ጤና ጣቢያ፦ ፕሮቡ የሚቀመጠው ሆስፒታል ነው። እኛ ከሆድ በላይ ብቻ አይተን፣ ከረጢቱ ዝቅ ብሎ ስናገኘው በመውረድ ላይ ያለ ውርጃ ነው ብለን ኤም ቪ ኤ (ማህፀን በእጅ መሳቢያ የሚጠረግበት መሣሪያ) እናዘጋጃለን። ቢያንስ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ፖስተር ይታከልልን።

የማህፀን ሐኪም፦ አደጋው እዚያ ላይ ነው። የሚወርድ ውርጃ በፕሮቡ ቀስ ተብሎ ሲገፋ ይንሸራተታል፤ ጠባሳው ላይ የተተከለው ግን አይነቃነቅም፣ በዙሪያውም የደም ዝውውር ይታያል፣ ከሽንት ፊኛ የሚለየው የማህፀን ጡንቻም ስስ ነው። በጭፍን ቢጠረግ የሚከተለውን መድማት ጤና ጣቢያ ሊያቆመው አይችልም።

ገንዘብ ያዥ፦ ፖስተሩ ላይ የማን አርማ ይቀድማል? ባለፈው ጊዜ እኛ ከፍለን የጤና ቢሮው አርማ ከላይ ወጣ።

የጤና ቢሮ ተወካይ፦ ያለ ቢሮው አርማ በመንግሥት ተቋም ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር የለም።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያውስ ቢሮው ይክፈል።

አዋላጅ፣ ጤና ጣቢያ፦ ሴት እየደማች እናንተ በአርማ ትጣላላችሁ!

ሰብሳቢ፦ ሲስተር፣ ቁጣው ይብረድ። ሁለቱም አርማዎች እኩል ሆነው ከላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ። የፖስተሩን ሥዕል እሠራለሁ ያሉት የራዲዮሎጂ ባልደረባ የት ደረሱ?

የማህፀን ሐኪም፦ ስልካቸውን አያነሱም። አርማዎቹ ቦታ ስለወሰዱም፣ ወደ ኋላ የዞረ ማህፀን ዳሌ ውስጥ ተቀርቅሮ በ14ኛው ሳምንት ገደማ ሽንት ሲከለክል መጀመሪያ ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) እንዲገባ የሚለው መስመር ከፖስተሩ ወጥቷል። ይመለስ።

ገንዘብ ያዥ፦ ፊደሉ ካነሰ ይገባል። ባለ ቀለም ኅትመት ውድ በመሆኑ ፕሮቡን ወደሚቀጥለው በጀት ዓመት አዛውሬዋለሁ።

የማህፀን ሐኪም፦ ያለ ፕሮቡ ፖስተሩ ምን እንዲያዩ ነው የሚነግራቸው?

የጤና ቢሮ ተወካይ፦ የቢሮው አርማ ግን በስተቀኝ ይሁን።