ጥቆማ፦ ለመስክ ሥራ ኪቦርድ ያለው ታብሌት ይሻላል ወይስ ብዕር ያለው? (ጅማ)

ጠያቂ፦ ሰላም የጅማ ልጆች። ለመመረቂያ ጥናቴ ማና እና ጎማ ወረዳዎች ወርጄ የቡና ገበሬዎችን ላነጋግር ነው። ግማሹ ቃለ መጠይቅ በአማርኛ፣ ግማሹ በኦሮምኛ ነው። ታብሌት ከብሉቱዝ ኪቦርድ ጋር ልግዛ ወይስ በብዕር የሚጻፍበት? ሱቅም ጠቁሙኝ።

የመርካቶ ልጅ፦ ፈረንጅ አራዳ እኛ የምንገዛበት ሱቅ አለ፣ እዚያ ሂጂ። ቤተሰቡ በሙሉ ስልክ የገዛው ከእሱ ነው። ሰው ያከብራል።

ቦሳዬ፦ ሰው ማክበሩ አማርኛ ይጽፍላታል?

ሀ-ሁ፦ እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ እህቴ። አንድ ሱቅ «ኦሪጅናል ብዕር አለው» ብሎ ሸጠልኝ። ቤት ገብቼ ሳየው ጫፉ ላስቲክ ነው! እንዲህ ያለው ብዕር ለስክሪኑ ከጣት አይለይም፤ መዳፍሽን ስታሳርፊ መዳፍሽም አብሮ ይጽፋል። ልመልስ ብሄድ «ተከፍቷል» አሉኝ።

አጋሮ፦ የቱ ሱቅ ነው?

ሀ-ሁ፦ እዚህ አልጽፍም። ግን ሳትሞክሩ ብር አትክፈሉ።

የመርካቶ ልጅ፦ የእኛ ሰውዬ እንዲህ አያደርግም፣ በፍጹም።

ቡና ቀማሽ፦ ታብሌቱን ተዪውና ጥሩ ፓወር ባንክ ግዢ። ገጠር መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ዋጋ የላቸውም።

መስክ ሠራተኛ፦ ወደ ጥያቄዋ እንመለስ። መጠይቅሽ በኦዲኬ ወይም በኮቦ (መጠይቅ በስልክና በታብሌት የሚሞላባቸው ሲስተሞች ናቸው) ከሆነ አብዛኛው መልስ በጣት የሚመረጥ ነው፤ ኢንተርኔት በሌለበትም ይሞላል። የሚያስቸግረው ገበሬው በሰፊው የሚያወራው ክፍል ነው። ኦሮምኛው በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ስለሚጻፍ በኪቦርድ ይፈጥናል። አማርኛው ግን «ም»ን በአንድ ቁልፍ ብትጽፊ «ሙ» ሁለት ይፈልጋል፤ እያዳመጡ ለመጻፍ ያደክማል። ደግሞ በስክሪኑ ላይ ያለው አማርኛ እየሠራ፣ የብሉቱዙ ኪቦርድ ግን እንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍበት ጊዜ አለ። ሱቁ ውስጥ አገናኝተሽ «ጅማ» ብለሽ ጻፊበት።

ብዕር ካልሽ አብሮ የተሠራለትን ፈልጊ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጋላክሲ ታብ ኤስ6 ላይት ብዕሩ ከካርቶኑ ጋር ይመጣል፤ ባትሪ ስለሌለው ቻርጅ አይፈልግም። የታብ ኤ8 ስክሪን ግን ይህን ብዕር አይቀበልም፣ ስማቸው መቀራረቡ እንዳያሳስትሽ። የአይፓዱ ብዕር ለብቻው ይሸጣል፣ ቻርጅም ይፈልጋል። የኦዲኬ መሙያ መተግበሪያ፣ ኦዲኬ ኮሌክት፣ ደግሞ አንድሮይድ ላይ ነው የሚሠራው፣ አይፓድ ላይ አይሆንም።

ለእኔ ብዕር ይበልጣል፣ በተለይ የማሳ ንድፍ ለመሣል። ቡና ሥር ቆመሽ ኪቦርድ የምታሳርፊበት ቦታ የለም። ማታ ግን በእጅ የጻፍሽውን ቁጭ ብለሽ መገልበጥ አለብሽ፤ ያንን ሰዓት ከአሁኑ አስቢበት።

ቦሳዬ፦ ይሄ ነው መልስ። እግዜር ይስጥልን።

ጠያቂ፦ በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ብዕሩ ዝናብ ላይ እንዴት ነው? የምወርደው ክረምት ላይ ነው።

መስክ ሠራተኛ፦ የውኃ ጠብታ ጣትን ነው የሚያስቸግረው፣ ያ ብዕር ይሻላል። ታብሌቱ ግን ውኃ አይችልም፣ ላስቲክ ይዘሽ ውረጂ።

የመርካቶ ልጅ፦ መሸፈኛውንም እዚያው ፈረንጅ አራዳ ታገኚዋለሽ።

አጋሮ፦ ሀ-ሁ፣ የሱቁን ስም በውስጥ ላክልኝ ወንድሜ። ቅዳሜ ለልጄ ልገዛ ነው።